ልጅ በዕድሉ ብቻ አያድግም



«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» የሚለው አባባል በአገራችን የታወቀ ነው። ወላጅ ችግር ሲጸናበት ተስፋ እንዳይቆርጥ የተነገረ የማጽናኛ ቃል ነው። በስደት ዓለም ደግሞ ይህን ቃል ሳይናገር ልጅ ያሳደገ ወላጅ ጥቂት ነው። ነገር ግን አባባሉ ማጽናኛነቱ ቀርቶ «ምንም ማድረግ አልችልም» ወደሚል ሐሳብ ከተለወጠ ልጆቻችንን ይጎዳል። ምክንያቱም የአንድ ልጅ ቁመት፣ ክብደት፣ ጤናና የአእምሮ ብስለት በአብዛኛው የሚወሰነው በምናውቃቸውና ቢያንስ በከፊል በእጃችን ባሉ ነገሮች ነው። በዚህ እትማችን እነዚህ ነገሮች ምን ምን እንደሆኑ እንመለከታለን።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ሁለት እኅትማማቾች ከኢትዮጵያ ተሰደው ኬንያ ገቡ እንበል። ታላቂቱ ካኩማ ካምፕ ተቀመጠች። ታናሺቱ ናይሮቢ ሄዳ በሁርሊንግሃም አካባቢ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በአንዱ በወጥ ቤት ሥራ ተቀጠረች። ሁለቱም በአንድ ዓመት ወንድ ልጅ ወለዱ። ልጆቹ ሦስተኛ ዓመታቸውን ሲይዙ የካኩማው ልጅ አጥሮ ታየ። ዘመድ አዝማድ «አባቱም አጭር ነው፣ ዘሩ ነው» አለ። ስለ ናይሮቢው ልጅ ደግሞ «እሱማ ከተማ ነው ያለው፣ ምን ይጎድልበታል?» ተባለ። ሁለቱም አነጋገሮች ስሕተት ሊሆኑ ይችላሉ። እስቲ አንድ በአንድ እንያቸው።

እድገት ስንል ምን ማለታችን ነው?

የልጅ እድገት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው አካላዊ እድገት ነው። ይህም በሚዛንና በሜትር የሚለካው የክብደትና የቁመት መጨመር ነው። ሁለተኛው የችሎታ እድገት ነው። ይህም መቀመጥ፣ መራመድ፣ መናገር፣ ማሰብ፣ ከሰው ጋር መግባባትና ስሜትን መቆጣጠር መቻል ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላውም አብሮ የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው።

በጥሩ ሁኔታ የተወለደ ሕፃን ሲወለድ 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨምራል፤ ክብደቱም የተወለደበትን ሦስት እጥፍ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ቁመት ወደ 12 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ሁለት ዓመት ሲሞላው አማካይ ቁመቱ 87 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንጎሉም በዚያ ዕድሜ የአዋቂን አንጎል መጠን ሦስት አራተኛ አልፎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ሰው በሕይወቱ በዚህ ፍጥነት የሚያድግበት ጊዜ የለም። ስለዚህ በእነዚህ ወራት የተጓደለ ነገር ኋላ ላይ ለመሙላት ከባድ ነው።

ዘር ነው ወይስ ኑሮ?

ዘር ምንም ሚና የለውም ማለት አይደለም። የረጃጅም ወላጆች ልጅ ብዙውን ጊዜ ረጅም ይሆናል። ነገር ግን ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ዘንድ በሕዝብና በሕዝብ መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት በአብዛኛው ከኑሮ የመጣ ነው። ይህን የሚያሳይ ትልቅ ጥናት አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በህንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ 8,500 ያህል ልጆችን አስጠንቷል። ለጥናቱ የተመረጡት እናታቸው ጡት የምታጠባቸው፣ ሲጋራ የማይጨስባቸውና በቂ እንክብካቤ የሚያገኙ ልጆች ነበሩ። በውጤቱ የጋናውም፣ የህንዱም፣ የኖርዌዩም ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ እድገቱ በእጅጉ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ በክሊኒካችን በልጆች ካርድ ላይ የምናየው የእድገት መስመር እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው ከዚህ ጥናት ነው።

ሌላውን ማስረጃ ከአገራችን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ2000 በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 58ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2019 ቁጥሩ ወደ 37 ወርዷል። በጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ከ100 ልጆች 18ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። የሕዝብ ዘር በ19 ዓመት ውስጥ አይለወጥም። የተለወጠው ምግቡ፣ ውኃው፣ ክትባቱ፣ የእናቶች ትምህርትና የጤና አገልግሎቱ ነው። በመሆኑም «ዘሩ ነው» ብሎ መተው የሚታከመውን ልጅ ሳይታከም ማስቀረት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላትን መለየት ይጠቅማል። መቀንጨር ማለት ልጁ ለዕድሜው የሚገባውን ቁመት ሳያገኝ መቅረቱ ነው። ለረጅም ጊዜ በተጓደለ ምግብና በተደጋጋሚ ሕመም ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ዓይን አይገባም፤ በተለይ ሁሉም ልጆች አጫጭር በሆኑበት ሰፈር ማንም አያስተውለውም። መክሳት ደግሞ ልጁ ለቁመቱ የሚገባውን ክብደት ማጣቱ ሲሆን በአጭር ጊዜ የሚመጣና ሕይወትን ቶሎ ለአደጋ የሚያጋልጥ ነው።

አንድ ሺሕ ቀናት

የእርግዝናው ጊዜ 270 ቀናት ያህል፣ የመጀመሪያው ዓመት 365፣ ሁለተኛው ዓመት 365 ናቸው። ሲደመር 1,000 ቀናት ይሆናል። የጤና ባለሙያዎች ስለ እነዚህ ቀናት አጥብቀው የሚናገሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

የ1977ቱን ዓ.ም. ረሀብ ከመካከላችን በዓይናቸው ያዩ አሉ። ያ ረሀብ ሲበረታ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ልጆች ካደጉ በኋላ በተመራማሪዎች ተጠንተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው ጥናት መሠረት፣ በረሀቡ የተጎዱት እነዚያ ሕፃናት አዋቂ ሲሆኑ ቁመታቸው በረሀቡ ጊዜ ከፍ ያለ ዕድሜ ከነበራቸው ልጆች ቢያንስ በ5 ሳንቲ ሜትር አንሶ ተገኝቷል። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን የመጨረስ ዕድላቸውም ያነሰ ነበር። ረሀቡ አንድ ነበር። የተለየው ረሀቡ ያገኛቸው ዕድሜ ነው።

ይህ ማለት ግን ሁለት ዓመት ካለፈ ተስፋ የለም ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን፣ በህንድ፣ በፔሩና በቬትናምም ሌሎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ በሕፃንነታቸው ቀንጭረው ኋላ ላይ በቁመት ያገገሙ ልጆች አሉ። እነዚህ ልጆች በትምህርታቸው እንደቀነጨሩ ከቀሩት የተሻሉ ሆነዋል። ስለዚህ ቀድሞ መጀመር ይበልጣል፤ ዘግይቶ መጀመርም ካለመጀመር ይሻላል።

እድገት ከእናት ይጀምራል

የልጅ እድገት የሚጀምረው በማህፀን ነው። ደሟ ያነሰ፣ በቂ ምግብ ያላገኘች ወይም ወባ የያዛት እናት የምትወልደው ልጅ ክብደቱ ዝቅተኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ሩጫውን የሚጀምረው ወደ ኋላ ቀርቶ ነው።

ነፍሰ ጡር እናት በየቀኑ ከምትበላው ላይ አንድ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ስታጠባ ደግሞ ሁለት። በእርግዝና ክትትል የሚሰጠው የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ መወሰድ አለበት። ማቅለሽለሽ ካመጣ ማታ ከምግብ ጋር መውሰድ ይቻላል እንጂ ማቋረጥ አይገባም። ሻይና ቡና በምግብ ሰዓት ሲጠጡ አይረን ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከለክሉ፣ የቡናውን ሥርዓት ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ መልካም ነው። መጠጥ፣ ሲጋራና ጫትም በማህፀን ያለውን ልጅ ይጎዳሉ። ከአንድ ወሊድ እስከ ቀጣዩ እርግዝና ቢያንስ ሁለት ዓመት ማራራቅ ለእናቲቱም፣ ለተወለደውም፣ ለሚወለደውም ይጠቅማል።

ጾምን በተመለከተ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከንስሐ አባቷ ወይም ከሃይማኖት አስተማሪዋ ጋር እንድትመካከር እንመክራለን። በክርስትናም ሆነ በእስልምና ለእንዲህ ያለች እናት የሚደረግ አስተያየት አለ።

ጨውም የሚያስገርም ታሪክ አለው። አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር በእርግዝና ጊዜ ከጎደለ የልጁ አንጎል በሚገባ አያድግም። እ.ኤ.አ. በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ይመጣ የነበረው አዮዲን ያለበት ጨው ተቋረጠ። በምትኩ ከአፋር የመጣው ጨው አዮዲን አልነበረበትም። ጦርነቱ ከግንባር ርቀው በደጋ ወደሚኖሩ ሕፃናት በጨው በኩል ገባ ማለት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድድ ደንብ ካወጣ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100 ቤቶች 89ኙ አዮዲን ያለበት ጨው ይጠቀሙ ነበር። በካምፕም በናይሮቢም ጨው ስንገዛ በፓኬቱ ላይ አዮዲን እንዳለበት እናረጋግጥ። በተከደነ ዕቃ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ እናስቀምጠው፤ ወጡ ሊወርድ ሲል እንጨምረው።

ምግብ፦ ስንት ጊዜ? ምን ምን?

ሕፃን እንደተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ወፍራም ቢጫ ወተት «ቆሻሻ ነው» ተብሎ ታልቦ ሲደፋ እናያለን። ይህ ወተት ግን የልጁ የመጀመሪያ ክትባት ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። ቅቤ ማላስ፣ ስኳር በውኃ ወይም አብሽ መስጠት አይገባም። እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ይበቃዋል፤ በካኩማ ሙቀት እንኳ ውኃ አያስፈልገውም። ቫይረሱ በደሟ ያለባት እናትም መድኃኒቷን በትክክል እየወሰደች በባለሙያ ምክር ማጥባት ትችላለች።

ስድስት ወር ሲሞላ ጡት ሳይቋረጥ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል። ብዙ ልጆች መቀንጨር የሚጀምሩት እዚህ ላይ ነው። ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። ገንፎው ከማንኪያ ላይ የማይንጠባጠብ፣ ወፈር ያለ ይሁን። ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፣ ከ9 ወር እስከ ሁለት ዓመት 3 ወይም 4 ጊዜና በመሐል መክሰስ ይሰጠዋል። ጡት መጥባቱም እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል።

የዓይነቱ ነገር ከብዛቱ እኩል ያስፈልጋል። የልጆች ምግብ በስምንት ይከፈላል፦ የእናት ጡት፤ እህልና ሥራ ሥር፤ ጥራጥሬ፤ ወተትና የወተት ውጤት፤ ሥጋና ዓሣ፤ እንቁላል፤ እንደ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎና ጎመን ያሉ አትክልትና ፍራፍሬ፤ ሌሎች አትክልትና ፍራፍሬዎች። ልጁ በየቀኑ ቢያንስ ከአምስቱ ማግኘት አለበት። የበቆሎ ዱቄት ብቻውን አንድ ነው። ሽሮ ሲገባበት ሁለት፣ የተከተፈ ሱኩማ ዊኪ ሲጨመር ሦስት፣ ደርቆ የተፈጨ ኦሜና ሲነሰነስበት አራት፣ ከጡት ጋር አምስት ይሆናል። ኦሜና ከገበያ በትንሽ ገንዘብ በትንሽ በትንሹ ስለሚገዛ ሥጋ ለማይደርስበት ቤት ይጠቅማል።

ራሽን ሲቀነስ ይህን መናገር ቀላል፣ ማድረጉ ከባድ እንደሆነ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2025 በገንዘብ እጥረት ምክንያት በኬንያ ካምፖች የሚሰጠው ራሽን ከሙሉው 28 በመቶ ድረስ ዝቅ ብሎ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ የቤተሰብ ድልድል ይወስናል። በባህላችን የመጀመሪያውና የተሻለው የሚቀርበው ለአባወራ ነው፤ ሕፃን የተረፈውን ይቀምሳል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅና ነፍሰ ጡር እናት በአንድ ወር የሚያጡት ነገር አዋቂ በአንድ ወር ከሚያጣው እጅግ ይከብዳል። አንድ እንቁላል ብቻ ከተገኘ ለሕፃኑ ይሁን። ልጁም ከትልልቆቹ ጋር በአንድ ትሪ እየተሻማ ሳይሆን በራሱ ሳህን ይብላ፤ ምን ያህል እንደበላም ይታያል።

ሌላም ልብ የማይባል ነገር አለ። በጾም ወራት ሕፃናት ባይጾሙም «የጾም ዕቃ ይነካል» ተብሎ እንቁላልና ወተት ከቤት ይጠፋል። ለልጁ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ይህን ችግር ይፈታል።

የሚበላ ልጅ ለምን ይቀነጭራል?

«ልጄ ይበላል፣ ግን አይፋፋም» የሚሉ እናቶች ብዙ ናቸው። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ነው። ተቅማጥ የያዘው ልጅ የበላው ሳይጠቅመው ይወጣል፣ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፣ ትኩሳቱም ያለውን ጉልበት ይበላል። ከዳነ በኋላ የጎደለውን ሳይሞላ ሌላ ተቅማጥ ይይዘዋል። በዳዴው ዘመን መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ልጅ፣ ዶሮና ፍየል በሚውሉበት ግቢ ተቅማጥ ባይታይበት እንኳ አንጀቱ እየቆሰለ ምግብ በሚገባ ላይመጥ ይችላል። ስለዚህ ልጁ የሚድህበትን ምንጣፍ ማጽዳት፣ ከመጸዳጃ በኋላና ከማብላት በፊት በሳሙና መታጠብ፣ የሕፃናትን ዓይነ ምድር ጭምር መጸዳጃ ቤት ውስጥ መጣል የእድገት ጉዳይ ነው።

ተቅማጥ ሲጀምር ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ከክሊኒክ የሚሰጠውን ዚንክም ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን መጨረስ ያስፈልጋል። ምግብና ጡት አይቋረጥም። ከሕመሙ በኋላ ለሁለት ሳምንት በቀን አንድ ምግብ ይጨመርለት። ክትባቱን ሳያጓድሉ ማስጨረስ፣ ከስድስት ወር ጀምሮ በየስድስት ወሩ ቫይታሚን ኤ፣ ከአንድ ዓመት ጀምሮ የሆድ ትላትል መድኃኒት ማስወሰድም አይዘንጋ።

እንጥል ማስቆረጥና «ግግ» እየተባለ የወተት ጥርስ ማስነቀል አሁንም በአንዳንድ ብሎኮች ይደረጋል። ልጁ በቁስሉ ምክንያት ጡትና ምግብ ይተዋል፣ ይደማል፣ ለመርዛማ ሕመም ይጋለጣል። ለተቅማጥም ሆነ ለሳል መድኃኒት አይደለም።

የሁርሊንግሃሙ ልጅ ምን ጎደለው?

አሁን ወደ ታናሺቱ እኅት ልጅ እንምጣ። ሁርሊንግሃም በአርግዊንግስ ኮድሄክ መንገድ ዙሪያ የሚገኝ፣ ሱቁና ክሊኒኩ የሞላ ሰፈር ነው። ናይሮቢ ሴቶች ሆስፒታል እዚያው ነው፤ ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። እናቱ ደመወዝ አላት፤ ወተትና እንቁላል አይቸግርም። ነገር ግን እሷ ጠዋት ወጥታ ማታ ትመለሳለች። ልጁ በአንዲት ክፍል ውስጥ ከጎረቤት ልጅ ወይም ከሠራተኛ ጋር ተዘግቶበት፣ ቴሌቪዥን ወይም ስልክ ተከፍቶለት ይውላል። ፀሐይ የሚያየው በመስኮት ነው።

ፀሐይ ቆዳ ላይ ስታርፍ ሰውነት ቫይታሚን ዲ ይሠራል፤ አጥንት የሚጠነክረውም በእሱ ነው። በመስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ግን ይህን አያደርግም። በአዲስ አበባ በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው ያካሄዱት፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ ጥናት ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ልጆች 210ሩ የአጥንት መለስለስ፣ ማለትም ሪኬትስ ነበረባቸው። የሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ልጆች ውስጥ ግን የተገኘው በ20ዎቹ ብቻ ነው። የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ አገር በምትባለው ኢትዮጵያ ልጆች በፀሐይ እጦት ታመሙ ማለት ነው፤ ምክንያቱም ተሸፍነውና ቤት ተዘግቶባቸው ይውሉ ነበር።

የእርግብግቢት መዝጊያ መዘግየት፣ የጥርስ መዘግየት፣ የእጅ አንጓ ማበጥ፣ የእግር መጣመምና ዘግይቶ መሄድ የሪኬትስ ምልክቶች ናቸው። መከላከያው ቀላል ነው። ልጁ በየቀኑ ጠዋት እጅና እግሩ ተገልጦ ደጅ ወይም ሰገነት ላይ ጥቂት ደቂቃ ፀሐይ ይሙቅ። እናት ጊዜ ከሌላት ልጁን ለምትጠብቀው ሰው ይህን እንደ ምግብ ሰዓት አድርጋ ትንገራት። በዚህ ረገድ አቧራው ቢያስቸግረውም ደጅ የሚውለው የካኩማው ልጅ ይሻላል።

የተዘጋ ክፍል ሌላም አደጋ አለው። ከሰል በቤት ውስጥ ሲነድ ጭሱ ለሳንባ ምች ያጋልጣል፤ በር ዘግቶ ከተተኛበት ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። ጂኮውን ደጅ እናንድደው።

ጨዋታና ሰላም እንደ ምግብ ናቸው

ልጅ የሚናገረው ሲያናግሩት፣ የሚያስበው ሲጫወት ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በጃማይካ በኪንግስተን ከተማ በድሃ ሰፈር 129 የቀነጨሩ ሕፃናት ተመረጡ። ለአንዳንዶቹ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ በሳምንት አንድ ጊዜ እየሄደች እናት ከልጇ ጋር እንዴት እንደምትጫወትና እንደምታወራ ለሁለት ዓመት አሳየች። መጫወቻዎቹ ከቤት ዕቃ የተሠሩ ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ ሲታዩ ይህን ያገኙት ልጆች ገቢ ካላገኙት በ25 በመቶ በልጦ ተገኘ። ይህን ለውጥ ያመጣው ውድ ዕቃ ሳይሆን የሰው ጊዜ ነው።

የዘይት ጀሪካን ክዳን፣ የጨርቅ ኳስ፣ በጠርሙስ ውስጥ የገባ ባቄላ (ክዳኑ በደንብ የታሰረ) በቂ መጫወቻ ነው። እሹሩሩና ተረት ተረት ከአያቶቻችን የወረስናቸው የአእምሮ ምግቦች ናቸው። «ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ይምታታበታል» ብለው በአማርኛ ማናገር የሚተዉ ወላጆች አሉ። ልጅ ከአንድ በላይ ቋንቋ ያለ ችግር ይማራል፤ እናቱ አሳምራ በምታውቀው ቋንቋ ብታናግረው ይጠቅመዋል። ስልክና ቴሌቪዥንን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ምክር፣ ሁለት ዓመት ላልሞላው ልጅ ጨርሶ እንዳይሰጥ፣ ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላለው ደግሞ በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ነው።

ሁልጊዜ ጩኸት፣ ድብደባና ፍርሃት ባለበት ቤት የሚያድግ ልጅ ሰውነቱ በድንጋጤ ላይ ይኖራል። ይህም እንቅልፉን፣ የምግብ ፍላጎቱንና ትምህርቱን ይነካል። ከወሊድ በኋላ ወይም በስደት ሐዘን የተዋጠች እናትም ለልጇ መሳቅና ማውራት ያቅታታል። ይህ ስንፍና ወይም የእናትነት ማነስ አይደለም፤ የሚታከም ሕመም ነው። አባቶችም ልጅ ማቀፍና ማጫወት የእናት ሥራ ብቻ አለመሆኑን እንድትገነዘቡልን እንጠይቃለን።

በጎ ፈቃደኞች ቤት ለቤት ሲሄዱ

1. ካርዱን ጠይቁ። የእድገት መስመሩ ወደ ላይ ከሄደ መልካም ነው። አግድም ከተኛ ልጁ ገና ሳይከሳ ችግር መጀመሩን ይነግረናል። ቁልቁል ከወረደ በዚያው ቀን ወደ ክሊኒክ ይላክ።

2. ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉትን ልጆች ክንድ በጥብጣቡ ለኩ። ከ11.5 ሳንቲ ሜትር በታች ቀይ ነው፤ ሳይዘገይ ሕክምና ያስፈልገዋል። ከ11.5 እስከ 12.5 ቢጫ ነው፤ ክትትል ይፈልጋል። ሁለቱም እግሮች ካበጡ ጥብጣቡ አረንጓዴ ቢያሳይም ላኩት።

3. ለሕክምና የተሰጠ የለውዝ ቅቤ ፓኬት ለታመመው ልጅ ብቻ መሆኑን አስረዱ። ለወንድሞቹ ከተከፋፈለ አንዱም አይድንም።

4. ቁመትን አትርሱ። ሁለት ዓመት የሞላው ወንድ ቆሞ ሲለካ ከ81፣ ሴት ከ79 ሳንቲ ሜትር ካነሱ ለጤና ባለሙያ አሳውቁ።

5. በ9 ወር ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፣ በ18 ወር ብቻውን የማይሄድ፣ ለድምፅ የማይመለስ ወይም የነበረውን ችሎታ ያጣ ልጅ ይመርመር።

6. እናትን አትውቀሱ። «ለምን እንዲህ ሆነ?» ከማለት ይልቅ «ምን አስቸገረሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተወቀሰች እናት በሚቀጥለው ወር በሯን ትዘጋለች፤ ልጁም ከዓይናችን ይጠፋል።

ውድ ወላጆች፣ በምሳሌያችን ያነሣናቸው ሁለቱ እኅትማማቾች አንዷ የሌላዋን የሚያስፈልጋት ነገር አላት። ካኩማ ያለችው ልጇን ካርዱን ይዛ በየወሩ ታስመዝን፤ ገንፎውንም ባገኘችው ጥራጥሬና ቅጠል ታወፍር። ሁርሊንግሃም ያለችው ልጇን ፀሐይ ታሳይ፣ ማታ ስትመለስም ደክሟት እንኳ ስልኩን አስቀምጣ ጥቂት ታጫውተው። የክብደት ምዝገባው ቀን በየብሎኩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ ካርድ የጠፋባችሁም ብትሆኑ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ሌላ ይሰጣችኋል።